የቲቸር ዓለምነው ዓሣ

ቤዛዊት ያን ዓሣ ላለማስተማር ወስና ነበር። መማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የለም፣ ለፈተናም አይመጣም። ባሏ ዓለምነው ኖርዌይ ሁለተኛ ዲግሪውን ሲማር፣ ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ በቋጥኞች መካከል እየጠለቀ ያጠናው ዓሣ ነው። ደብረ ታቦር ተመልሶ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ በየዓመቱ የመራባት ምዕራፍ ሲያልቅ አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ዓሣ ይሰጥ ነበር። ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓሣ ይሥላል፤ አንዱን በቀይ ጠመኔ፣ ጥቁር ነጠብጣብ እንዲመስል ጀርባው ላይ ሦስት ቦታ ሳይቀባ እየተወ፤ ሌላውን ከራሱ ጀምሮ ሰማያዊ መስመር እየሳበ። ከዚያ ዞሮ ስንት ዓይነት ዓሣ እንደሚያዩ ይጠይቃል። ተማሪው ሁለት ይላል። እሱ አንድ ነው ይላል። የዚያ አገር ዓሣ አጥማጆችም ሊቃውንቱም ለብዙ ዘመን የተለያየ ፍጥረት መስሏቸው ሁለት ስም ሰጥተውት እንደነበር ሲነግራቸው ክፍሉ ይስቃል። ሳቁ መምህራን ማረፊያ ክፍል ድረስ ይሰማል። ቤዛዊት እዚያ ደብተር እያረመች ስትሰማው ባልደረቦቿ "ዓሣው ደረሰ" ይሏት ነበር።

ዓለምነው ባለፈው ነሐሴ ሞተ። ትምህርት ሲከፈት ርእሰ መምህሩ አቶ ሙላቴ የእሱን ክፍሎች ለእሷ ሰጧት። የዘጠነኛ ክፍሎቿን አስረክባ ተቀበለች። ከበደኝም ደስ አለኝም አላለችም። ስለ እሱ በማረፊያ ክፍሉም ሆነ በሰፈሯ አታወራም። የሚያጽናናት ሰው ሲመጣ አመስግና ስለ ልጆቹ ጤና ትጠይቀዋለች፤ ሰውየው ስለ ልጆቹ ሲያወራ ጊዜው ያልፋል።

የሰኔ መጀመሪያ ነበር። የመራባት ምዕራፍ ሐሙስ ዕለት አለቀ። ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ በተሰበረው መስኮት ይገባል። ጥቁር ቀሚሷ ላይ የዓለምነውን ቡናማ ጃኬት ደርባለች። ጃኬቱን መልበስ የጀመረችው ለብርዱ ብላ ነው፤ ለራሷም የነገረችው ይህንኑ ነው። ደወሉ ሊደወል ብዙ ሲቀረው መጽሐፉን አጠፈች። ከፊት የተቀመጡት ልጆች ተያዩና አንዷ ተነሣች።

"ቲቸር፣ የቲቸር ዓለምነውን ዓሣ አያሳዩንም? እኅቴ ነግራኝ ነበር።"

እምቢ ለማለት አፏን ከፈተች። ግን ክፍሉ ቃል እንደተገባለት ሆኖ ይጠብቃት ነበር። ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ቁራጭ ጠመኔ አለ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያ እንዳለ ታውቃለች። ጣቷ ይነካዋል እንጂ አውጥታው አታውቅም። አወጣችው። ሰማያዊ ነው።

ሥዕሉ አላማረላትም፤ የሷ ዓሣ ድንች መሰለ። ቢሆንም እሱ ይናገር የነበረውን ሁሉ ታስታውሳለች። ከንፈሩ ወፍራም መሆኑን፣ ጥርሱ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት እንደሚሰብር፣ ሲመሽ ቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እንደሚተኛ ነገረቻቸው። በአንድ ቋጥኝ ላይ አንድ ትልቅ ወንድና ብዙ ሴቶች እንደሚኖሩ፣ ወንዱ ለእንቁላሉ ጎድጓዳ ቦታ አዘጋጅቶ እንደሚጠብቅ፣ ድንበሩን ቀኑን ሙሉ እየዞረ ሌላ ወንድ እንዳይገባ እንደሚከላከል ነገረቻቸው። ከሞላ ጎደል ሁሉም ሲፈለፈሉ ሴት ናቸው አለቻቸው። እርሳሶች መሯሯጥ ጀመሩ።

"ወንዱ ሲሞት ቦታው ባዶ አይቀርም" አለች። "ከሴቶቹ ትልቋ ትተካዋለች። መጀመሪያ የሚለወጠው ጠባይዋ ነው። እሱ ይዞረው የነበረውን ድንበር ትዞራለች፣ ሊገባ የመጣውን ታባርራለች። ቀለሟ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ወራት ይፈጃል። በመጨረሻ የማያውቅ ሰው ቢያያት እሱ ራሱ ነው ይላል።"

እዚህ ላይ ድምጿን ሰማችው። በዚህ ክፍል፣ በዚህ ሰሌዳ ፊት ሲባል የነበረ ነገር ነው፤ የሚለው ግን ሌላ ሰው ነበር።

በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። ዓይናለም ትባላለች። ከጋፋት በእግሯ የምትመጣ፣ ዓመቱን ሙሉ ሦስት ጊዜ እንኳ ያልተናገረች ልጅ ናት።

"ቲቸር፣ ሌሎቹ ሴቶች አይስቁባትም?"

መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ዓይኖች ከሰሌዳው ተነሥተው ወደ ጃኬቱ መጡ። ቤዛዊት ራሷን እነሱ ባዩዋት ዓይን አየች፦ ጥቁር ቀሚስ፣ ከጣቷ ያለፈ የወንድ እጅጌ፣ በእጇ የሱ ጠመኔ። ዓመቱን ሙሉ ማንም እንዳያይባት የሸፈነችውን ነገር ሰሌዳ ላይ በቀለም ስላ ያቀረበችው ራሷ ናት። 

"ውጪ" አለቻት። ድምጿን አላነሣችም። "ነገ አባትሽን ይዘሽ ካልመጣሽ ክፍል አትገቢም።"

ሳቁ በአንዴ ቆመ። የፍርሃት ዝምታ አልነበረም፤ ቤዛዊት ግን ያን ጊዜ አልለየችውም። ዓይናለም ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ወጣች። አጠገቧ የነበረችው ልጅ አንገቷን ደፍታ ጠረጴዛውን በጥፍሯ ትፍቅ ነበር።

በማግሥቱ አርብ፣ ረፋድ ላይ፣ የበሩ ጠባቂ ጋሽ ታደሰ ማረፊያ ክፍል መጥተው የልጅቷ አባት መጥተዋል አሏት። በመስኮት አየች። ባሕር ዛፉ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ረጅም አሮጌ ካፖርት የለበሰ፣ ራሱን የጠመጠመ፣ ዱላ ጉልበቱ ላይ ያጋደመ ሰው ተቀምጧል። ዓይናለም ራቅ ብላ ቆማለች። ቤዛዊት ምን እንደምትል በልቧ እያዘጋጀች ወጣች። ስለ ሥነ ሥርዓት፣ ስለ መምህር ክብር፣ ደግሞ ልጅቷ ጎበዝ ስለሆነች እንደማትጨክንባት።

ሰውዬው ሲነሣ ሴት ነበረች።

ካፖርቱ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይደርሳል። ባት እግሯ ላይ የደረቀ ጭቃ አለ። እጅ ነሥታ ስሟ ፈንታነሽ መሆኑን ተናገረች። ዕድሜዋ ከቤዛዊት ብዙም አይበልጥም፤ ፊቷን ግን ፀሐይና ነፋስ ቀድመውባታል።

"አባቷን ታምጣ ብለዋል አለችኝ" አለች። "አባቷ እኔ ነኝ። እሱ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ጥፋቷን ይንገሩኝና እርስዎ ፊት ልቅጣት።"

ቤዛዊት አረፍ እንድትል ለመነቻት። ፈንታነሽ መቀመጫ ጊዜ የለኝም አለች። ጥፋቱን መስማት ፈለገች፤ ዱላዋን ወደ ግራ እጇ አዛወረች። ቤዛዊት የልጅቷን ጥፋት ለመናገር ፈልጋ ቃል አጣች። ጠየቀች፣ ከዚያ ተሳቀ፤ የሆነው ይኸው ነው። ምን ብላ ጠየቀች ስትባል ዓሣውን መንገር ግድ ሆነ። የሚሞተውን ወንድ፣ የምትተካውን ሴት፣ ድንበሩን፣ ቀለሙን፣ ሁሉንም ባሕር ዛፉ ሥር ቆማ ነገረቻት። ፈንታነሽ ዓይኗን ከፊቷ ሳታነሣ አዳመጠች። ሲያልቅ ወደ ልጇ ዞራ አየቻት፣ ከዚያ ወደ ቤዛዊት ተመለሰች።

"ታዲያ ይስቁባታል?" አለች።

 ልጅቷ አልቀለደችም ነበር። ቤዛዊት ይህን ያወቀችው ያኔ ነው፣ እናትየዋ ካፖርቱን በመታጠቂያ ስታጠብቅ። ልጅቷ ክፍል ትግባ፣ ጥፋት የለባትም አለች፤ ጥፋቱ የኔ ነው ሳትል ግን ቀረች። ፈንታነሽ አመስግና መንገድ ጀመረች።

ቀሪውን የነገረቻት ዓይናለም ናት፤ ያውም ተጠይቃ፣ መሬት መሬት እያየች። አባቷ ከሞተ ወዲህ የሚያርስ ወንድ የላቸውም። እኩል አራሽ ያዙ፤ አንድ ዓመት አርሶ የደረሳቸው ግማሽ ምርት አልበቃቸውም። ስለዚህ እናቷ ራሷ እርፍ ጨበጠች። ሴት አታርስም፤ በዚህ አገር ይህን የሚጠይቅም የሚመልስም የለም። የምታርሰው ከጉብታው ጀርባ ያለውን ማሳ ነው፤ የሟቹን ካፖርት ለብሳ፣ ራሷን ጠምጥማ። ያላቸው አንድ በሬ ስለሆነ ከጎረቤታቸው ከይሻው አንድ በሬ ጋር አቀናጅተው ተራ በተራ ይጠምዳሉ። ይሻው ሲስማማ ተራሽን ካሳለፍሽ ግን በሬዬን ጉና ላለው ወንድሜ እወስዳለሁ ብሎ ነበር። የእናቷ ተራ አርብ ነበር። ገብሱ ካልተዘራ፣ ሐሙሲት ከተማ ያለችው አክስቷ ልጅቷን ሰው ቤት ሥራ ልታስገባት ተነጋግረዋል። ዓይናለም ይህንን እንደ ሌላ ሰው ነገር ተናገረችው።

"ዛሬ ተራዋ ከሆነ ለምን መጣች?" አለች ቤዛዊት።

"ፈተናው ሰኞ ሳምንት ነዋ" አለች ልጅቷ።

ቅዳሜን ቤዛዊት ቤቷን በማጽዳት አሳለፈች። ሁለት ጊዜ ጃኬቱን አውልቃ ሰቀለችው፣ ሁለት ጊዜ መልሳ አወረደችው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው አስቀይማ የማታውቅ ሴት አልነበረችም። ይህ ግን ሌላ ነው። የራሷን ኀዘን ሰው እንዳይነካባት ብላ የሌላ ልጅ ኀዘን ላይ ቆማለች፤ ያውም ልጅቷ አንድ ሰው ይገባዋል ብላ እጇን ባወጣችበት ደቂቃ።

እሑድ ጠዋት ወደ ጋፋት ሄደች። ይሻውን ሰኞ በሬውን ወደ ጉና ሳይወስድ ማግኘት ነበረባት። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሣር ላይ ተቀምጧል፤ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ ወረድ ብለው። የደብሩ ቄስ አባ ሚልኪያስ ከወንዶቹ መካከል ነበሩ። ይሻው ቀጭን፣ ምላሱ የተሳለ ሰው ነው። አንዲት የከተማ ሴት በጥቁር ቀሚስና በወንድ ጃኬት ወደ እሱ ስትመጣ አይቶ ለሰዎቹ ዓይኑን ጠቀሰ።

"መምህርት፣ በሬ ሊያዩ መጡ?" አላት። "ያለኝ አንድ ነው። እሱም ዓመለኛ ነው።"

ሳቅ አሉ፣ በመልካም። ቤዛዊት ለብቻው ልታነጋግረው እንደምትፈልግ ብትነግረው ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። እሷ ግን መንገዱን ሁሉ ስታስብ የመጣችው ጥፋቷን በሰው ፊት መናገር እንደሚገባት ነው። ልጅቷን ያዋረደቻት በሰው ፊት ነዋ። አባ ሚልኪያስን እጅ ነሥታ ቆማ ተናገረች። ልጅቷ ጥያቄ ጠይቃ እንደነበር፣ ሰው በእሷ የሳቀ መስሏት ልጅቷን እንዳባረረች፣ የሞተ አባት አምጪ እንዳለቻት። ባሏን አልጠራችም፤ "እኔም ያው እንደምታዩኝ ነኝ" ብቻ አለች። ሰዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ፣ አንድ ሁለቱ ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ስለዚህ ወይዘሮ ፈንታነሽ አርብ ዕለት ያላረሱት በእኔ ጥፋት ነው" አለች። "እባክህን፣ በሬህን ጠምደው እንዲያርሱ ፍቀድላቸው። አንድ ቀን ብቻ።"

የከንፈር መምጠጡ ቆመ። አባ ሚልኪያስ ዓይናቸውን ወደ መስቀላቸው አወረዱ። አንድ ሽማግሌ ነጠላቸውን ያለምክንያት አስተካከሉ። ቤዛዊት ምን እንዳደረገች የገባት በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ሁሉም ያውቁ ኖሯል። ያልተናገሩት ስላላወቁ አልነበረም። በጉብታው ጀርባ የሚያልፍ ሰው ካፖርት አይቶ "እግዜር ያበርታ" ብሎ ያልፋል፤ ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ካልተባለ ማንም ምንም ማድረግ የለበትም። እሷ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቄሱ ፊት፣ አለችው።

ወርቁ የሚባል ጎልማሳ ቀድሞ አፉን ከፈተ። "ይሻው፣ በሬህን ከቀሚስ ጋር ነው ያቀናጀኸው ለካ?"

አሁን ሳቁ ሌላ ነበር። ይሻው ፊቱ ጠቆረ። ዓመት ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ የሠራው ደግነት በአንድ ቃል መሳለቂያ ሆነበት። በሬው ነገ ንጋት ጉና ይሄዳል አለ፤ ወንድሙ ይጠብቀዋል፤ ከሴት ጋር የሚያቀናጀው ጉዳይ የለውም። ቤዛዊት ልትለምነው ስትል እጁን አወዛወዘ።

ከሴቶቹ በኩል ፈንታነሽ ተነሣች። ካፖርቱን አልለበሰችም፤ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በነጠላ ነበረች። ወደ ወንዶቹ መጥታ ይሻው ፊት ቆመች። ቤዛዊትን አላየቻትም።

"ይሻው፣ ነገ እጠምዳለሁ ወይስ አልጠምድም?"

"ተራሽ አርብ ነበር" አላት ዱላውን እያየ።

"አርብ ልጄን ትምህርት ቤት ላስገባ ሄድኩ። አሁን የምጠይቅህ ስለ ነገ ነው።"

 ይሻው በዱላው ጫፍ ሣሩን ቆፈረ። እሷ ደግማ አልጠየቀችም፣ አልሄደችምም። እንደ ወንድ ወይም እንደ ሴት አልነበረም አቋቋሟ። በሬ እንደምትጠይቅ ባለ ማሳ ነበር።

"ነገ ውሰጂው" አለ በመጨረሻ። "ማክሰኞ ንጋት ግን ከደጄ ላግኘው።"

ወርቁ አንዴ ሳቀ። ብቻውን መሳቁን ሲያውቅ ተወው።

ቤዛዊት ፈንታነሽን ከግቢው ውጪ ደረሰችባት። ይቅርታ የሚለውን ቃል ይዛ ነበር። ፈንታነሽ አልተቆጣችም፣ ቆማም ሰማቻት።

"እርስዎ ተናገሩና ቀለለዎት" አለቻት። "ካፖርቱኮ ለእኔ አልነበረም። ለእነሱ ነበር። እንዳላዩ ሆነው እንዲያልፉ።"

ከዚያ እጅ ነሥታ ሄደች።

ሰኞ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ነው የጣለው። ቤዛዊት እያስተማረች በተሰበረው መስኮት ወደ ጉና የሚከማቸውን ደመና ታይ ነበር። የዓይናለም ወንበር ባዶ ነበር። ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጋፋት ላይ ሴት ስታርስ ሰው ከመንገድ ወጥቶ ጉብታው ላይ ቆሞ ሲያይ እንደዋለ ተወራ። አንዱ መምህር ሲያወራው ይስቅ ነበር። ቤዛዊት ቀና ብላ አላየችውም። ወሬውን ወደዚህ ያመጣችው እሷ ናት።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ክርክር ሰማች። ጋሽ ታደሰ አንዲት ተማሪ አስቁመው ካፖርት ዩኒፎርም አይደለም፣ አውልቂና ግቢ ይላሉ። ዓይናለም ናት። የአባቷን ካፖርት ዩኒፎርሟ ላይ ለብሳለች፣ ጫፉ ረጥቧል። አላወልቅም አላለችም። ቆማለች፣ እንደ እናቷ።

"ይበርዳታል፣ ትግባ" አለች ቤዛዊት።

"ሌሎቹም ነገ ካፖርት ለብሰው ቢመጡስ?" አሉ ጋሽ ታደሰ። የቤዛዊትን ጃኬት አዩና የቀረውን ዋጡት።

ሁለቱ ጎን ለጎን ወደ ክፍል ሄዱ። ቤዛዊት ማሳው እንዴት ሆነ ብላ ጠየቀች። ልጅቷ ወደ ፊት እያየች መለሰች።

"ተዘራ። እናቴ እስኪመሽ አረሰች። ካፖርቱ አሁን አያስፈልገኝም ብላ ሰጠችኝ።"

ክፍል ሲገቡ ከኋላ አንድ ሰው ሳል አስመስሎ ሳቀ። ዓይናለም ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠች፣ ካፖርቱን ሳታወልቅ። ቤዛዊት ሰሌዳው ፊት ቆመች። ሐሙስ ዕለት አንድ ጥያቄ ሳልመልስ ቀርቻለሁ አለች። ክፍሉ ዝም አለ፤ ይህን ዝምታ አሁን ለየችው፤ የሚያውቅ ሰው ዝምታ ነው። ከዚህ በኋላ ልትል የምትችለው ብዙ ነበር። የልጅቷን ስም፣ የአባቷን ሞት፣ የራሷን ጥፋት። ሁሉም እውነት ነው። ሁሉም ቢነገር ይቀላታል።

"ሌሎቹ ሴቶች መጀመሪያ ያሳድዷታል" አለች። "በተለይ በመጠን ከእሷ ቀጥላ ያለችው። አንዳንዴም ትነክሳታለች።"

"ከዚያስ?" አለች ዓይናለም፣ እጇን ሳታወጣ።

"እሷ ድንበሩን መዞሯን አትተውም። ጊዜው ሲደርስ እንቁላላቸውን እሷ ጋ መጥተው ይጥላሉ።"

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ይስቁባት እንደሆነና እንዳልሆነ አልተመለሰም፤ ሁለቱም ያውቃሉ። ቤዛዊት የቀረውን ሳትናገር ሰማያዊውን ጠመኔ ኪሷ ከተተች፣ በነጭ ጠመኔ የዕለቱን ርእስ ጻፈች።